ጠንክር የተባለ ፀጉር

የሚረግፍ ፀጉርና የሚሰበር ፀጉር አንድ አይደሉም። ማበጠሪያችሁ ላይ ከቀረው አንዱን አንስታችሁ ወደ ብርሃን አቅርቡት። በአንደኛው ጫፉ ትንሽ ነጭ ነጥብ ካለው ከሥሩ ወጥቷል ማለት ነው፤ ዕድሜውን ጨርሶ ነው የሄደው፣ በቦታው ሌላ ይበቅላል። ነጥቡ ከሌለው ደግሞ መንገድ ላይ ተሰብሯል። የመጀመሪያውን ሰውነት ራሱ ያውቅበታል። በሁለተኛው ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሰው እጅ አለበት።

ታላቅ እህቴ ይህን ልዩነት የሚነግራት ሰው ሳታገኝ ነው ወራት ያለፏት።

እህቴ ለቡ ነው የምትኖረው። የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው ሚያዝያ ላይ ነው። አራስ ቤት ሳለች ፀጉሯ እንደዚያ አምሮ አያውቅም፤ ድፍን ያለ፣ ከባድ፣ እማዬ ለጋ ቅቤ እየቀባች ስትጎነጉነው እጅ የሚሞላ። ከዚያ ሐምሌ ገባ። ወደ ሥራ ልትመለስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሯት ፀጉሯ በእፍኝ መውጣት ጀመረ። ትራሱ ላይ፣ የልጅቷ ጣቶች መሃል፣ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ። ነጭ ነጥብ ያለው ፀጉር ነበር፤ ከሥሩ የወጣ።

ይህ በወለዱ ሴቶች ላይ የታወቀ ነገር ነው። በእርግዝና ጊዜ ሆርሞን ፀጉሩ እንዳይረግፍ ይዞ ያቆየዋል። ከወሊድ በኋላ ያ ይዞታ ሲለቅ፣ ቀስ እያለ መርገፍ የነበረበት ሁሉ ተጠራቅሞ ባንድ ጊዜ ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ወር አካባቢ ይጀምራል፤ ልጁ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ደግሞ አብዛኛዋ እናት ፀጉሯ ይመለስላታል። መድኃኒቱ ጊዜ ነው። ግን "ጊዜ" የሚባል ትሪትመንት የሚሸጥ ፀጉር ቤት የለም።

እህቴ የሄደችበት ፀጉር ቤት የነገራት አጭር ነበር፦ "ፀጉርሽ ደክሟል፤ ፕሮቲን ያስፈልገዋል።"

"ደክሟል" የሚለው ቃል ሆዷ ገባ። እሷም ደክማ ነበርና። በዚያ ሰሞን የሚያገኛት ሰው ሁሉ የሚላት አንድ ቃል ነው፤ "ጠንክሪ"። አማቷ "ጠንከር በይ እንጂ ልጄ፣ እኛ ስድስት ወልደን ማሳ እየዋልን ነው ያሳደግነው" ይሏታል። ቢሮ "ጠንክረሽ ተመለሽ" ይባላል። ጎረቤት በር ላይ ቆሞ "አይዞሽ፣ ጠንክሪ" ብሎ ያልፋል። ልጅቷን ላንድ ሰዓት ልያዝልሽ ያላት ግን ጥቂት ነው። እንግዲህ ፀጉርን የሚያጠነክር ነገር አለ ሲሏት እንዴት እምቢ ትበል? ቢያንስ አንዱ ይጠንክርላት።

በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ፀጉር ቤት የኬራቲን ማስክ፣ ከዚያ ካስክ ውስጥ መቀመጥ። እሑድ ቤት ውስጥ እንቁላል። በመሃል የሩዝ ውሃ። ጠዋት ጠዋት "ለተጎዳ ፀጉር" የሚል የሚረጭ ነገር፣ እሱም ኬራቲን ያለበት። አልፎ አልፎ ፒያስትራ። ጥቅምት ላይ ፀጉሯ የእውነት ጠነከረ፤ ወፈር አለ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ኅዳር ላይ ሲጨብጡት መንኮሻኮሽ ጀመረ። ታኅሣሥ ላይ ቃጫ ሆነ። አሁን ማበጠሪያው ላይ የሚቀረው አጫጭር ፀጉር ነው፤ ነጭ ነጥብ የሌለው። ጥር ላይ የአክስታችን ልጅ ስታገባ እህቴ ሻሽ አስራ ገባች፣ ሳትፈታው ወጣች። ከሠርጉ ፎቶዎች አንዱም ላይ የለችም።

ምን ሆኖ ነው? ፀጉር ራሱ እኮ ፕሮቲን ነው። ኬራቲን ይባላል፤ ጥፍራችንም የተሠራው ከዚያው ነው። ከራስ ቅላችን በላይ ያለው ፀጉር ሕይወት የለውም፤ አይበላም፣ አይጠጣም፣ ሲቆስል አይሽርም። "ፀጉርን መመገብ" የሚባለው የማስታወቂያ አነጋገር ነው። ፕሮቲን ያለበት ትሪትመንት የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው። "ሃይድሮላይዝድ" የሚባለው፣ ተቆራርጦ የደቀቀ ፕሮቲን፣ ፀጉሩ ገጽ ላይ ይለጠፋል፤ በጣም ትንንሹ ደግሞ በተጎዳው በኩል ገባ ይላል። ቀለም የነካው ወይም እሳት የበላው ፀጉር ላይ አልፎ አልፎ ሲደረግ ጥሩ ነው፤ እንደ ልስን ስንጥቁን ይሸፍናል። ልስን በልስን ላይ ሲደራረብ ግን ቅርፊት ይሆናል። ፀጉሩ ይገትራል፣ መታጠፍ ያቅተዋል። መታጠፍ ያቃተው ነገር ደግሞ ይሰበራል።

ገጠር የጠፍርን ነገር ያየ ይህን ለመረዳት ኬሚስትሪ አያስፈልገውም። ጠፍርም ከቆዳ የተበጀ ስለሆነ ፕሮቲን ነው። ደርቆ የከረመ ጠፍር እንደ እንጨት ጠንካራ ነው፤ ልታጥፉት ስትሞክሩ ግን ይሰነጠቃል። ገበሬው ውሃ ያስነካዋል፣ ቅባት ያስነካዋል። ሌላ ቆዳ አምጥቶ አይለጥፍበትም።

እንቁላሉስ? የእንቁላል ፕሮቲን ሳይደቅ ፀጉር ውስጥ ለመግባት በጣም ትልቅ ነው። ላይ ላዩን ተለጥፎ ይደርቃል፣ ከዚያ ይታጠባል። በሙቅ ውሃ ካጠባችሁት ደግሞ ይበስላል፤ እህቴ ጋ አንድ እሑድ ከፀጉሯ ውስጥ ፍርፍር ስንለቅም ነው ያመሸነው። የሩዝ ውሃ አብዛኛው ስታርች ነው፤ ስታርች የሸሚዝ ኮሌታ ላይ የሚያደርገውን ፀጉር ላይም ያደርጋል። ፀጉር ቤት "ኬራቲን ልሥራሽ" ሲሏችሁ ደግሞ የትኛውን እንደሆነ ጠይቁ። ፀጉር አለስልሶ ለወራት ቀጥ የሚያደርገው ሥራ ስሙ ኬራቲን ይሁን እንጂ ቀጥ የሚያደርገው ፕሮቲኑ አይደለም፤ ከእሳት ጋር የሚሠራ ኬሚካል ነው። አንዳንዱ ሲሞቅ ፎርማልዲሃይድ ያወጣል፤ ይህ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል፣ ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመዘገበ ጋዝ ነው። የምታጠባ እናት ቀርቶ ሠሪዋም ልትተነፍሰው የማይገባ ነገር ነው።

ለመሆኑ የፀጉር ችግር ጥንካሬ ማጣት ነው? አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ የተወሰደው የፀጉራቸው ቁራጭ ለንደን፣ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሲቀመጥ ኖሮ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሷል። 151 ዓመት! ሳይበጠር፣ ሳይጎተት፣ ካስክ ሳይገባ የተቀመጠ ፀጉር ከባለቤቱም ከዙፋኑም በላይ ይቆያል። ፀጉርን የሚሰብረው ኑሮ ነው፤ በየቀኑ መታጠፍ፣ መጠቅለል፣ መታሰር፣ መፈታት። ኑሮን የሚችለው ፀጉር የሚተጣጠፈው ነው፤ ለመተጣጠፍ ደግሞ ውሃ ይፈልጋል። ፀጉር በደንብ ሲርስ የክብደቱን 30 በመቶ ያህል ውሃ ይይዛል። እንደ እኛ ጥቅልል ባለ ፀጉር ላይ ከራስ ቅል የሚወጣው ወዝ እየተጠማዘዘ እስከ ጫፍ መድረስ ይቸግረዋል፤ ስለዚህ የያዘውን ውሃ የሚጠብቅለት ነገር ከውጭ ካላገኘ ቶሎ ይደርቃል።

ሰፈራችን ደግሞ በዚህ አያግዝም። የክፍለ ከተማችንን ስም በፈረንጅ ፊደል ተጽፎ የሚያይ የውጭ ሰው "ሲልክ" ብሎ ያነበውና ሐር ይመስለዋል። ንፋስ ስልክ ግን ያለ ሽቦ፣ በአየር የሚሄደው ስልክ ነው፤ ለፀጉራችን ያወረሰን ሐሩን ሳይሆን ንፋሱን ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ለቡና ጀሞ ላይ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ አቧራውን ይዞ ፀጉር ውስጥ ያድራል። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች የፀሐይዋም ጨረር ይበረታል። በዚህ ወቅት ግሊሰሪን እንኳ ጠባዩ ይለወጣል። ግሊሰሪን ውሃ ሳቢ ነው። አየሩ እርጥብ ሲሆን ከአየሩ ይስባል፤ አየሩ ሲደርቅ ግን በብዛት ከተቀባ ከፀጉሩ የሚስብበት ጊዜ አለ። ክረምት ላይ የወደዳችሁት ግሊሰሪን ጥር ላይ የከዳችሁ ለዚህ ነው። በውሃ አቅጥኑት፣ ላዩን በቅባት ክደኑት።

ከዚያ ውሃው አለ። ወደ ደቡብ አዲስ አበባ የሚመጣው ውሃ ከፊሉ ከአቃቂ በኩል ካሉት ጉድጓዶች ነው። የጉድጓድ ውሃ በድንጋይ መሃል ሲያልፍ ካልሲየም እየሟሟበት ይመጣል። እህቴ ቤት ማፍያው ታች የሚጋገረው ነጭ ነገር እሱ ነው። ሳሙና በደንብ የማያረፋው፣ ልብስ ደርቆ የሚገተረውም በእሱ ነው። ያ ነጭ ነገር ፀጉር ላይም ይቀራል። በፕሮቲን የተለሰነ ፀጉር ላይ ኖራ ሲጨመርበት አስቡት፤ ቤት ልትሠሩበት ትችላላችሁ።

እማዬ ሠርጉን ውላ ስትመለስ የሰጠችው ፍርድ አንድ ነው፦ "ቅቤ ቀቢያት፣ በቃ።" ቅቤ አገራችን ውስጥ ለአራስም፣ ለሙሽራም፣ ራሱን ለሚያመውም መድኃኒት ሆኖ ኖሯል። ደቡብ ኦሞ ሐመሮች ጋ ሴቶች ፀጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ይሠሩታል። ከተማ ውስጥ ግን ቅቤ ኀፍረት ሆነ። ትምህርት ቤት "ቅቤ ቅቤ ትሸታለች" የተባለች ልጅ አድጋ በየወሩ ለትሪትመንት ትከፍላለች፤ ሽታውን ሽሽት።

እማዬ ግማሹን ልክ ነበረች። ቅቤ ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ስብ ነው፤ ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል። ስብ ደግሞ ራሱ ውሃ ሆኖ አያረጥብም፤ ያለውን እርጥበት ክዳን ሆኖ ይይዛል። ደረቅ ፀጉር ላይ ከቀባችሁት ደረቁን ነው የምትከድኑት። አያቴ ስትቀባን ግን መጀመሪያ አጥባን፣ ፀጉራችን ጠፈፍ ሲል፣ ገና እርጥበቱ ሳይለቀው ነበር። ማንም ምክንያቱን አልጠየቃትም። ቅቤውን ወረስነው፤ ቅደም ተከተሉን ረሳነው። ሽታውን የማትችሉ በዘይት ተኩት። ከዘይቶች መካከል የኮኮናት ዘይት ከመታጠብ በፊት ሲቀባ ከፀጉር የሚወጣውን ፕሮቲን እንደሚቀንስ ሕንድ ውስጥ ተሠርቶ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ አብሮ የተፈተነው የሱፍ ዘይት ይህን አላደረገም። ልብ በሉ፤ ፀጉሩ የራሱን ፕሮቲን እንዳያጣ መጠበቅና ሌላ ፕሮቲን መለጠፍ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ሥራውን የጀመርነው የካቲት ላይ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እየሄድኩ። መጀመሪያ ጠርሙሶቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድረን ጀርባቸውን አነበብን። ኬራቲን፣ ኮላጅን፣ የስንዴ ፕሮቲን፣ የሐር ፕሮቲን፣ "አሚኖ" የሚል ነገር ያለበት ሁሉ ወደ ካርቶን ገባ። ከዘጠኝ ጠርሙስ የተረፈን ሁለት ነው። ለእንቁላሉ ምንም ማድረግ አላስፈለገንም፤ ዐቢይ ጾም ስለገባ ራሱ ከቤት ወጣ።

ቀጥሎ የተለሰነውን ማውረድ። ለዚህ ለስላሳ ሻምፖ አይበቃም። የተከማቸ ልጣፍ የሚያነሳ፣ ጠንከር ያለ ሻምፖ አንድ ጊዜ ተጠቀምን፤ ዝርዝሩ ላይ ኢዲቲኤ የሚል ካለበት ካልሲየሙንም ይዞ ይወርዳል። ይህ በየሳምንቱ የሚደረግ አይደለም፤ በወር አንዴ ይበቃል። መጨረሻ ላይ ማለቅለቂያውን ውሃ ቀድመን አፍልተን፣ አቀዝቅዘን፣ ዝቃጩን ትተን ላይ ላዩን ቀዳን። ማፍላት ከውሃው ካልሲየም የተወሰነውን ወደ ታች ያወርደዋል። ክረምት ላይ ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም የለም፤ ከቆርቆሮ የሚወርደው የዝናብ ውሃ ድንጋይ አላየም። የመጀመሪያው ዝናብ ጣራውን ካጠበው በኋላ በርሜል አውጡ።

ከዚያ ፀጉሩ ውሃ እያንጠባጠበ ሳለ ፕሮቲን የሌለው ኮንዲሽነር፣ ሳይሰስቱ። ፀጉሩን አራት ቦታ ከፍሎ፣ ማበጠሪያ ሳይነካው በጣት ከጫፍ ወደ ሥር መፍታት። ላዩን በፌስታል ሸፍኖ፣ ሙቅ ፎጣ ጠቅልሎ ግማሽ ሰዓት ማቆየት። ኮንዲሽነር የተጎዳውን ቦታ ፈልጎ የሚይዝ፣ ፀጉር ከፀጉር ጋር እንዳይፋተግ የሚያደርግ ነገር ነው፤ ዋጋው ውድ ስለሆነ የተሻለ አይሆንም።

ተልባ በጾም ከቤት አይጠፋም። ከሚጠጣው ላይ አንድ እፍኝ ሳይፈጭ በውሃ አፍልተን፣ እንደ እንቁላል ነጭ መዝለግለግ ሲጀምር ሳይቀዘቅዝ በስስ ጨርቅ አጠለልነው። ያ ዝልግልግ እርጥብ ፀጉር ላይ ሲቀባ ውሃውን ይዞ ይቆያል። በላዩ ትንሽ ዘይት። ከዚያ ላላ ያለ ሹሩባ፤ ግንባር አካባቢ ቆዳ የሚያነሳው ዓይነት አይደለም፣ እሱ ከሥሩ ይነቅላል። ማታ የሳቲን ሻሽ፤ የጥጥ ጨርቅ እርጥበቱን ይመጠዋልና። ጫፉንም ቆረጥን፤ አራት ጣት ያህል። የተሰነጠቀ ጫፍ ተመልሶ የሚገጥምበት ትሪትመንት የለም። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ አራት ጣት ማለት ሰባት ስምንት ወር ነው። እህቴ መቀሱን ሲያይ ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ "ቁረጪው፣ ይኼ ደግሞ ምኔ ነው" አለችኝ።

ሁለተኛው ወይ ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ነው፤ ግቢው ውስጥ ሳፋ አስቀምጬ ሳጥባት ልጅቷ ምንጣፉ ላይ ትንፏቀቃለች። እህቴ ጭንቅላቷን እጄ ላይ ጥላ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። የተኛች መስሎኝ ነበር። "ታውቂያለሽ?" አለችኝ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "ከወለድኩ ጀምሮ የሚታጠበው፣ የሚቀባው፣ የሚታቀፈው ልጅቷ ናት። እኔን ሰው የነካኝ አራስ ቤት እማዬ ቅቤ ስትቀባኝ ነው።" ምን እንደምመልስላት አላወቅኩም። ውሃውን ቀስ ብዬ ማፍሰሴን ቀጠልኩ።

የፀጉሩን ለውጥ የምታውቁበት መንገድ ቀላል ነው። የወጣ አንድ ፀጉር አርሳችሁ በሁለት እጅ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ጤነኛው ይለጠጥና ሲለቁት ይመለሳል። ፕሮቲን የበዛበት ሳይለጠጥ ቀጭ ይላል። እርጥበት ብቻ የበዛበት ደግሞ እንደ ማስቲካ ተስቦ ይቀራል፤ እሱም ጥሩ አይደለም፣ ያኔ ትንሽ ፕሮቲን ማስገባት ነው። ማር ሲበዛ ይመራል ይባል የለ። የእህቴ ፀጉር የካቲት ላይ ቀጭ ይል ነበር። መጋቢት መጨረሻ ትንሽ ተሳበ። ፋሲካ ላይ ተስቦ ተመለሰ፤ ሁለታችንም እንደ ልጅ ደጋግመን ሳብነው። ከግንባሯ በላይ ደግሞ ጣት የማይሞላ አዲስ ፀጉር ቆሟል። ሐምሌ ላይ የረገፈው ነው፣ ማንም ሳያጠነክረው ራሱ ተመልሶ።

አንድ ነገር ሳልል አልለፍ። መርገፉ ከዓመት ካለፈ፣ ወይም ፀጉሩ በክብ በክብ እየተመለጠ ከሆነ፣ የኩሽና ነገር ትታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። የደም ማነስም የታይሮይድ ችግርም ፀጉር ያረግፋል፤ ይህን ደግሞ ተልባ አያውቀውም። ከእኛ ሰፈር ብዙ ሳይርቅ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለ።

"ራስ ሳይጠና ጉተና" ይላል ተረቱ። እንዲጠና የሚፈልገው ራስን ነው፤ ጉተናውን ጠንክር አላለውም። እህቴም አሁን ሰው "ጠንክሪ" ሲላት አትከፋም። "ጠንክሬያለሁ" ትላለች ልጅቷን ወደ ተናጋሪው እየዘረጋች፣ "እስቲ ያዙልኝ፣ ፀጉሬን ልታጠብ።"